ሌላ መሣሪያ ላክልኝ

እኔ ስልክ ሳወራ እጮኻለሁ። ሸዋ ሮቢት ውስጥ ስልክ ይዞ የማይጮኽ ሰው ካለ ይምጣና ይንገረኝ። ከደሴ በኩል ተሳቢ ሲወርድ፣ ባጃጁ ጡሩምባውን ሲነፋ፣ ወዛደሩ ማሾ እየጫነ ሲያፏጭ፣ በዚህ ሁሉ መሃል ቀስ ብሎ የሚያወራ ሰው ወይ ሌባ ነው ወይ ባለሥልጣን። እኔ ሁለቱንም አይደለሁም። ዘውዴ እባላለሁ፤ መናኸሪያው ጀርባ በአንዲት የቆርቆሮ ቤት ጌም አጫውታለሁ።

ነገሩ የሆነው በ2009 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ነው። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ከታወጀ ብዙም አልቆየም። ሰው ወሬውን ከአፉ አውጥቶ መልሶ የሚውጥበት ጊዜ ነበር። ከእኛ ሰፈር ጸጉር አስተካካዩን ዓለሙን ከሥራው ላይ ወሰዱት። ደንበኛው ግማሽ ጭንቅላቱ ተላጭቶ፣ ግማሹ እንዳለ፣ ፎጣው አንገቱ ላይ እንደታሰረ ወንበሩ ላይ ቀረ። መጀመሪያ ሰው ሳቀ። የዓለሙ ሚስት በየቦታው ጠይቃ ባዶ እጇን ስትመለስ ግን ሳቁ ጠፋ። የት እንዳለ የሚነግራት አላገኘችም። ለምን ወሰዱት ሲባል መልሱ አንድ ቃል ነበር፤ «ግንኙነት አለው።» ከማን ጋር? ማንም አይጠይቅም። ግንኙነት አለው፣ በቃ።

እኔ ደግሞ በዚያው ሰሞን ቀን ከሌት የምለው ቃል እሱው ነበር። ተገናኘ፣ አልተገናኘም።

አዲስ ጌም አስመጥቼ ነበር። መርካቶ ኤሌክትሮኒክስ የሚሸጥ ኤርሚያስ የሚባል ልጅ ነው በአውቶቡስ የላከልኝ። የድሮው ጌም ጆይስቲክ ገመድ ነበረው፤ ልጆቹ ጎል ሲገባባቸው ተናደው ሲጎትቱት ማሽኑን ከነነፍሱ ከጠረጴዛ ያወርዱታል። አዲሱ ግን ገመድ የለውም። ጆይስቲኩ አናቱ ላይ ሰማያዊ መብራት አለችው፤ ከማሽኑ ጋር ሲገናኝ ቀጥ ብላ ትበራለች፣ ካልተገናኘ ብልጭ ድርግም ትላለች። ሮቢት ላይ እንዲህ ያለ ጌም ያመጣሁ የመጀመሪያው ሰው እኔ ነኝ። ይኼን ግን የሚያወራልኝ የለም።

ማሽኑን ዝም ብዬ አላስቀመጥኩትም። በሰው ልጅ ተስፋ ከቆረጥኩ ቆይቻለሁ። ብየዳ ቤት ሄጄ ከወፍራም ላሜራ ሣጥን አሠራሁለት፤ ገመድ የምታሳልፍ ቀዳዳ ብቻ ትቼ ቆለፍኩበት። ታዲያ ጌሙ ከገባ ጀምሮ ጆይስቲኩ አንዴ ይገናኛል አንዴ ይጠፋል። ልጁ ግብ ጠባቂውን አልፎ ሊመታ ሲል ይለቀዋል። ሲብስበት ደግሞ ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው ተጫዋች ማንም ሳይነካው መሮጥ ይጀምራል፤ ኳሱን ትቶ፣ መስመሩን ትቶ፣ የሚያሳድደው እንዳለ ሰው ዝም ብሎ ይሮጣል። ልጆቹ «ጋሽ ዘውዴ፣ ጸበል ይረጭበት» ብለው ይስቁብኛል።

ተፈራንም እዚህ ላይ ማንሣት አለብኝ። ተፈራ የቀበሌያችን የጸጥታ ኃላፊ ነው። እስከ ስምንተኛ ክፍል አንድ ዴስክ ላይ ነው የተቀመጥነው። የሚኒስትሪ ፈተና እሱ አለፈ፣ እኔ ወደቅሁ። ይሁን፣ የእግዜር ሥራ ነው። ግን ሰርጉ ላይ ጠርቶኝ፣ ሱፍ ተውሼ ለብሼ ድንኳኑ ውስጥ ሳልቀመጥ፣ በሰው ፊት «ዘውዴ፣ አንተ ጉልበት አለህ፣ ያንን የጠላ ጋን አንሣልን» አለኝ። አነሣሁ። ሱፉ ላይ ፈሰሰ። ኋላም ለሥራ ፈላጊ የመሸጫ ቤት ሲታደል «ጨዋታ ሥራ አይደለም» ብሎ ስሜን ዘለለው። ከዚያ ወዲህ ሰላምታ የለንም። መንገድ ላይ ሲመጣ ካየሁ ጫማዬን አስራለሁ።

እንግዲህ ያን ቀን ረፋዱ ላይ ጆይስቲኮቹ ሁለቱም እምቢ አሉ። ልጆቹ ቤቱን ሞልተው ይጮኻሉ። እሁድ ደግሞ ለአጎራባች ከተሞች ልጆች ግጥሚያ አዘጋጅቼ ነበር። ስልኬን ይዤ ወጣሁና በሬ ላይ ቆሜ ለኤርሚያስ ደወልኩ። መስመሩ ይቆራረጣል። እኔ ያልኩትን ቃል በቃል እጽፈዋለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ በራሴ ውስጥ ደግሜዋለሁ።

«ኤርሚያስ! ይሰማል? ... ኧረ አልገናኝ አለኝ! ... ገመድ አልባው ነዋ! ሁለቱም! ... ትናንትማ ተገናኝቶ ነበር፣ መሃል ላይ ጠፋ። ... ልጆቹ ተሰብስበው እየጠበቁኝ ነው፣ ምን ልበላቸው? ... ምን? ከብረት ሣጥኑ ላውጣው? ... አላወጣውም! አውጥቼ ሜዳ ላይ ላስቀምጠው? ስንት ዓይን አለ እዚህ! ... ስማኝ፣ እሁድ ከጀውሃም ከካራቆሬም ልጆች ይመጣሉ። እስከዚያ ካልተገናኘ አለቀልኝ። ... አትጨቅጭቀኝ! በቃ ሌላ መሣሪያ ላክልኝ! ... በአውቶቡስ! ለሹፌሩ ስጠው፣ ምን እንደሆነ ግን አትንገረው!»

አትንገረው ያልኩት ሹፌሮቹ ዕቃው ውድ መሆኑን ካወቁ የመጫኛውን ዋጋ ስለሚለጥጡ ነው። ሌላ ምንም የለውም።

ስልኩን ዘግቼ ቀና ስል ሰፈሩ ዝም ብሏል። ማሾ የሚጭኑት ልጆች ኩንታሉን ትከሻቸው ላይ እንደያዙ ቆመዋል። ከእኔ በር ቀጥሎ እትዬ ዓይሻ ሳምቡሳና ሻይ ትሸጣለች፤ እሷ አግዳሚ ላይ ጥቁር መነጽር ያደረገ የማላውቀው ሰውዬ ተቀምጦ ነበር። ተነሣ። ሻዩ ሳይነካ ይጨሳል። ወደ አውራ ጎዳናው ሄደ፤ አልሮጠም፣ ግን የሚሮጥ ሰው አረማመድ ነበር። ከመንገዱ ማዶ ደግሞ ተፈራ ቆሞ ያየኛል። ጫማዬን ለማሠር ጎንበስ አልኩ። ቀና ስል እሱም የለም።

«ዘውዴ» አለች እትዬ ዓይሻ። ድምፅዋ ከዘይቱ ጩኸት በታች ነው። «ና እስቲ ወዲህ።»

ሄድኩ።

«ያ ረቢ! ምን ዓይነት አፍ ነው አላህ የሰጠህ?»

«ምን አልኩ?»

«ምን ያላልከው አለ! ልጆቹ ተሰብስበዋል አልክ፤ እሁድ አልክ፤ ከጀውሃ ከካራቆሬ ይመጣሉ አልክ፤ መሣሪያ ላክልኝ አልክ!»

«የጌም መሣሪያ እኮ ነው እትዬ ዓይሻ!»

«እኔማ አውቃለሁ። እኔ ማወቄ ምን ሊፈይድልህ? ሰውዬው ሻዩን ጥሎ ሄደ። ወላሂ፣ ስኳሩን እንኳ አላማሰለም።»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። የሮቢትን ሙቀት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጥላ ሥር ቆሞ እንኳ ሰው ይቀልጣል። እኔ ግን በረደኝ። ገመድ አልባ። ተገናኝቶ ነበር። ምን እንደሆነ አትንገረው። እያንዳንዱ ቃል ተመልሶ መጣና ፊቴ ቆመ። የዓለሙ ደንበኛ ፎጣ አንገቱ ላይ እንደታሰረ የተቀመጠው ትዝ አለኝ። ዓለሙ ምን ብሎ ነበር ይሆን? እሱም ስለ መላጫ ማሽን አውርቶ ቢሆንስ?

ልጆቹን «ውጡ፣ ዛሬ ዝግ ነው» ብዬ አስወጣሁ። አንዱ «ጋሽ ዘውዴ፣ ሰይጣኑ አሸነፈህ አይደል?» አለኝ። ሌላ ቀን ቢሆን በጫማ ነበር የምከተለው።

ሚስቴ ከበቡሽ ምሳ ይዛ ስትመጣ በሩን ከውስጥ ቀርቅሬ ጨለማ ውስጥ ተቀምጫለሁ።

«ምን ሆነሃል? ፊትህ አመድ መስሏል።»

ነገርኳት። ሳህኑን እንደያዘች አዳመጠችኝ። አንድም ጊዜ አላቋረጠችኝም፤ ያ ራሱ አስፈራኝ። ከበቡሽ ሳታቋርጥ የምትሰማው ቅዳሴ ብቻ ነው።

«ማን ሰማ?» አለች።

«ሰፈሩ በሙሉ። ተፈራም።»

«ተፈራ ይናገራል?»

«ተፈራ ስንት ዓመት ሙሉ የጠበቀው ቀን ነው ይኼ! ድሮ ያልጨረሰኝን ዛሬ ሊጨርሰኝ ነው።»

«እንግዲያው ጣለው። ሮቢ ወንዝ ወስደህ ጣለው።»

«ከበቡሽ፣ አዲስ ነው እኮ!»

«አንተስ? አንተ አሮጌ ነህ?» ሳህኑን መሬት አስቀመጠችው። «ማሽን ቢጠፋ ማሽን ነው። አንተን ቢወስዱህ የት ብዬ ነው የምፈልግህ? የዓለሙ ሚስት የት አገኘችው? ንገረኛ! የት ብዬ ነው የምጠይቀው?»

ሣጥኑን ከፈትኩ። ማሽኑንና ሁለቱን ጆይስቲኮች በሽንኩርት ማዳበሪያ ውስጥ ከተትኩ። ከበቡሽ ከእትዬ ዓይሻ ሽንኩርት አምጥታ ከላይ ሞላችበት። ተሸክሜ ወጣሁ።

ከመናኸሪያው እስከ ወንዙ ሩቅ አይደለም፤ ከልጅነቴ ጀምሮ የምዋኝበት ነው። ያን ቀን ግን መንገዱ አላልቅ አለኝ። ሰው ሁሉ ማዳበሪያውን የሚያይ መሰለኝ። አንድ የማውቀው ባለ ባጃጅ ጎኔ መጥቶ «ዘውዴ፣ ጌሙን ትተህ ሽንኩርት ገባህ? አዋጣህ?» ብሎ ሳቀ። ሳቅኩ። የሳቅኩት ሳቅ ከኔ የወጣ አልመሰለኝም። ማማተብ ፈለግሁ፤ እጄ ማዳበሪያውን ይዟል። በልቤ ሚካኤልን ጠራሁት።

ወንዙ አጠገብ ስደርስ ድልድዩ ላይ ወታደሮች አውቶቡስ አቁመው ይፈትሻሉ። ተሳፋሪው ወርዶ ተሰልፏል፤ ሻንጣው መሬት ላይ ተዘርግፏል። ቆምኩ። ቆሜ መታየትም አስፈራኝ። ማዳበሪያውን ከአንዱ ትከሻዬ ወደ ሌላው ሳዞረው ውስጡ የሆነ ነገር ተጫነ መሰለኝ፤ ዓይኔ ላይ ሰማያዊ ነገር ብልጭ አለ። አየሁት። በማዳበሪያው ሽመና መሃል የጆይስቲኩ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። ማሽኑን እየፈለገ ነው። ማሽኑ ሞቶ አጠገቡ ተኝቷል፣ እሱ ግን ይፈልጋል።

እጄን ሰድጄ እንዳላጠፋው ሽንኩርቱ አላስገባ አለኝ። እዚያው ሜዳ ላይ ዘርግፌ እንዳልፈታው ወታደሮቹ ያዩኛል። ማዳበሪያውን ደረቴ ላይ እንደ ሕፃን አቅፌ፣ መብራቱን በሆዴ ሸፍኜ ዞርኩ። ሰው እንዲህ አድርጎ ሽንኩርት አይሸከምም። አውቃለሁ። ግን ሌላ መሸከሚያ ጠፋኝ። ወደ ቤት፣ ብቻ ወደ ቤት። ከበቡሽ መላ አታጣም ብዬ።

ጥጉን ዞሬ ስወጣ ነጭ ፒካፕ በሬ ላይ ቆሟል።

መሸሽ አሰብኩ። እውነት ለመናገር፣ እግሬ ወደ አሊዩ አምባ፣ ወደ እናቴ ዘመዶች አስቦ ነበር። ግን ከበቡሽ በሩ ላይ ቆማለች፤ መሣሪያ የያዙ ሁለት ወጣቶች ግራና ቀኝዋ ናቸው። ሄድኩ። በፒካፑ ጋቢና ውስጥ ያ ባለ ጥቁር መነጽር ሰውዬ ተቀምጧል። ውጭ አንድ ረጅም ሰው፣ ሲቪል የለበሰ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይጠብቃል። አጠገቡ ተፈራ ቆሟል። ላቡ ከግንባሩ ወደ አገጩ ይወርዳል፤ አይጠርገውም።

«ዘውዴ አንተ ነህ?» አለ ረጅሙ።

«ነኝ ጌታዬ።»

«ምንድነው የያዝከው?»

«ሽንኩርት።»

ሰውየው ሆዴን አየ። እኔም አየሁ። ሰማያዊው መብራት ሸሚዜ ላይ ያርፋል፣ ይጠፋል፣ ያርፋል።

«የሮቢት ሽንኩርት መብራት ያወጣል?»

ከሁለቱ ወጣቶች አንዱ ወደ ኋላ ተፈናጠረና መሣሪያውን አዞረብኝ። «አስቀምጥ! ቀስ! ቀስ ብለህ!» እሱም ፈርቷል። እጁ ላይ ክላሽ ያለው ሰው ሲፈራ ማየት እንዴት ያለ ነገር እንደሆነ ያየ ያውቀዋል። ከበቡሽ «እመቤቴ!» ብላ ጮኸች። ማዳበሪያውን መሬት ሳደርሰው ተገለበጠ፤ ሽንኩርቱ እየተንከባለለ እስከ እትዬ ዓይሻ ምድጃ ድረስ ሄደ። ማሽኑና ጆይስቲኮቹ አቧራው ላይ ቀሩ።

ረጅሙ ሰው ጎንበስ ብሎ አያቸው፤ አልነካቸውም።

«የት ልትወስደው ነበር?»

አፌን ከፈትኩ። ልጥለው ነበር ብል፣ ንጹሕ ሰው ለምን ይጥላል? ልሸጠው ነበር ብል፣ ለማን?

«ወደ ጠጋኝ ነው» አለ ተፈራ።

ሁላችንም ወደ እሱ ዞርን።

«እኔ ነኝ ውሰደው ያልኩት። ጌም ነው። ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት። ተበላሽቶበት ነው።»

ረጅሙ ሰው ቀስ ብሎ ቀና አለ። «አንተ ታውቀዋለህ እንዴ?»

«አዎ። አብረን ነው የተማርነው።»

«ቅድም ስጠይቅህ አላውቀውም አላልከኝም?»

ተፈራ ያን ጊዜ ላቡን ጠረገ። «ሰላምታ የለንም» አለ። «ግን አውቀዋለሁ።»

ሰውየው እኔን አየ፣ እሱን አየ። ሁለት በግ የሚያይ ነጋዴ ነበር የሚመስለው። «ጥሩ» አለ በመጨረሻ። «ኳስ ከሆነ ኳስ እንይ። ይሥራ። ካልሠራ ሁለታችሁም መኪናው ላይ ትወጣላችሁ፤ የቀረውን እዚያ ታስረዳላችሁ።»

እዚያ የት እንደሆነ አልተናገረም። እኛም አልጠየቅንም።

ገባን። ማሽኑን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። ወደ ብረት ሣጥኑ ለመመለስ ጊዜም ልብም አልነበረኝም። ሽቦውን ስሰካ እጄ ቀዳዳውን አጣው፤ ከበቡሽ ያዘችልኝ። መብራት እንዳይጠፋ ጸለይኩ። ሮቢት ላይ መብራት በጸሎት አይመጣም፤ ቢሆንም ጸለይኩ። ቴሌቪዥኑ በራ። ማሽኑ ጢጥ አለ። የመጀመሪያውን ጆይስቲክ ተጫንኩት።

ብልጭ። ድርግም። ብልጭ።

ከኋላዬ የወጣቱ ጫማ ሲንቀሳቀስ ይሰማኛል።

ቀጥ አለ። ሰማያዊው መብራት ቀጥ ብሎ በራ፤ ሳይርገበገብ። ቴሌቪዥኑ ላይ ሜዳው መጣ። ለካ ላሜራው ኖሯል የከለከለው! ኤርሚያስ ነግሮኝ ነበር። እኔ ግን ያን ሰዓት ለኤርሚያስም ለላሜራውም ልብ አልነበረኝም።

«ይኸው ጌታዬ፣ ተገ...» ቃሉን መሃሉ ላይ ዋጥኩት። «ይኸው ሠራ።»

«ሁለተኛውስ?»

ሁለተኛው ብልጭ ድርግም ይላል። ተጫንኩት፣ ለቀቅኩት። አጠፋሁት፣ አበራሁት። አሁንም ብልጭ ድርግም። ማሽኑ አጠገብ አስጠጋሁት። ምንም።

«አንዱ በቂ አይደለም እንዴ?» አለች ከበቡሽ።

«አንድ ሰው ብቻውን ኳስ ይጫወታል?» አለ ረጅሙ። እየቀለደ ይሁን አይሁን ከፊቱ አይለይም።

ጆይስቲኩ ጀርባው ላይ ቀጭን ቀዳዳ አለችው፤ ውስጧ ያለችው ነገር ስትወጋ ሁሉን ረስቶ እንደገና ይጀምራል። ግን በምን ልውጋት? እስክሪብቶ አይገባም። ክብሪት ሞከርኩ፣ ተሰበረ። «መርፌ!» አልኩ። በር ላይ አንገቷን ያስገባችው እትዬ ዓይሻ ሻሿን የያዘውን መርፌ ቁልፍ ነቅላ ወረወረችልኝ። ሻሿ ትከሻዋ ላይ ወደቀ፤ ወዲያው በእጇ ያዘችው።

«ምኑን ነው የምትወጋው?» አለ ባለ ክላሹ ወጣት ወደ በሩ እያፈገፈገ።

«ይፈነዳል እንዴ ልጄ? ጨዋታ ነው እኮ!» አለችው እትዬ ዓይሻ።

ወጋሁት። ጠፋ። እንደገና ተጫንኩት። ብልጭ አለ፣ ድርግም አለ፣ ብልጭ አለ... አሁን ሳስበው አጭር ጊዜ ነበር። ያን ጊዜ ግን የከበቡሽን ዕድሜ አሰብኩበት፤ ያለ እኔ ስትዞር፣ በየበሩ ስትጠይቅ፣ «ባልሽ ማን ነበር?» ሲሏት። ከዚያ ቀጥ አለ።

ረጅሙ ሰው ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ተጫወቱ» አለ።

«ማን?» አልኩ።

«ሁለታችሁ። አብራችሁ ተምራችኋላ።»

ጆይስቲኩን ለተፈራ ሰጠሁት። ተገልብጦ ያዘው። አስተካከልኩለት። ከሰርጉ ወዲህ እጁን የነካሁት ያን ጊዜ ነው፤ እንደ በረዶ ነው። ልጆች የሚቀመጡበት አግዳሚ ላይ ትከሻ ለትከሻ ተቀመጥን፤ ጉልበታችን አገጫችን ሊደርስ ምንም አልቀረው። ፊሽካው ተነፋ።

«የእኔ የትኛው ነው?» አለ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ።

«ቀዩ።»

«ቀዩ ሁሉ?»

«እላዩ ላይ ምልክት ያለው። በግራ አውራ ጣትህ ይሄዳል።»

የተፈራ ተጫዋች ወደ ራሱ ጎል መሮጥ ጀመረ። ተከተልኩት። ኳሱን ቀምቼ ጎል ማግባት እችል ነበር፤ ዓይኔን ጨፍኜ አገባበት ነበር። ግን ባገባ ምን ይባላል? ያሸነፈ ይጠረጠራል ወይስ የተሸነፈ? አላወቅሁም። ኳሱን ወደ ውጭ መታሁት። ተፈራም የሚችለውን ሁሉ ወደ ውጭ ይመታል። እንዲህ ያለ ጨዋታ ሮቢት ውስጥ ታይቶ አይታወቅም፤ ሃያ ሁለት ሰው ኳሱን የሚሸሽበት።

«እኔ አይደለሁም የተናገርኩት» አለ ተፈራ በሹክሹክታ።

«ጋቢና ያለውን አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን እንዲህ ታየኛለህ?»

«አላውቀውም ብለሃላ።»

ተጫዋቹ መስመር ላይ ቆመ።

«ፈርቼ ነው» አለ።

ባለሥልጣን እንዲህ ብሎ ሲናገር በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም። የምመልስለት ብዙ ነበረኝ፤ ለዓመታት ያጠራቀምኩት። ነገር ግን ዓይኔ እጁ ላይ ወደቀ። ጆይስቲኩ ተጫዋች ሲጋጭ ይንቀጠቀጣል፤ እንዲያ ተደርጎ ነው የተሠራው። ቴሌቪዥኑን አየሁ። የተጋጨ ሰው የለም። የሚንቀጠቀጠው እጁ ነው።

«ክቧን ቁልፍ ተጫን» አልኩት። «ስትርቅ ክቧን።»

ተጫነ። ኳሱ ከሜዳው ግማሽ ተነሥቶ እንደ ዕድል ሆኖ የግቡን ቋሚ መትቶ ተመለሰ። «ደግመህ! ደግመህ ምታው አንተ!» ብሎ ባለ ክላሹ ወጣት ከበሩ ጮኸ። ረጅሙ ሰው ዞር ብሎ አየው። ወጣቱ አፉን ዘጋ፤ መሣሪያውን ትከሻው ላይ አስተካከለ።

ረጅሙ ሰው ትንሽ ቆየና ተነሣ። የብረት ሣጥኑን በጣቱ ኳ ኳ አደረገው። ጆይስቲኮቹን እጃችን ላይ አየ። ነጻ ናችሁ አላለም፤ ትፈለጋላችሁ አላለም። ወጣ። ወጣቶቹም ተከተሉት። የመኪናው በር ሲዘጋ ሰማን፣ ከዚያ ሞተሩ ተነሣ።

ከበቡሽ ወደ በሩ ልትሄድ ስትል በእጄ «ተይ» አልኳት። እትዬ ዓይሻ ሽንኩርት እየለቀመች ይመስል ጎንበስ ብላ በአንገቷ ወደ መንገዱ ታያለች። ሞተሩ ይሠራል። መኪናው ግን ከቆመበት አልተንቀሳቀሰም።

«ሄዱ?» አለ ተፈራ።

«አልሄዱም።»

ጨዋታው አለቀ። ባዶ ለባዶ። ቴሌቪዥኑ ላይ ጽሑፍ መጣ።

«ምን ይላል?» አለኝ። እሱ ነው ከሁለታችን የተማረው፤ ግን ዓይኑ አያነብም ነበር።

«ሌላ ጨዋታ ትጀምራላችሁ ወይ ይላል።»

ሞተሩ ውጭ ያጓራል። ሁለታችንም አልተነሣንም። ይቅር አላልኩትም፤ ይህ እንዲታወቅልኝ እፈልጋለሁ። ግን ያን ሰዓት እሱ ቢነሣ እኔ ብቻዬን ልቀመጥ ነው፣ እኔ ብነሣም እሱ።

«ጀምረው» አለ ተፈራ።

ጀመርኩት።